«ፍቺ ሳይሆን ጋብቻው ይፍረስልኝ»፦ ሌላ ሚስት ያለው ሰው ላገባች እህት የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው አግብቼ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። ክብር መዝገብ ፈርመን፣ ድል ያለ ሠርግ ተደግሶ ነው የተጋባነው። የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችን። ከሦስት ወር በፊት ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ስልኩ ላይ የግብር ሰነድ አየሁ። የትዳር ጓደኛ በሚለው ቦታ የሌላ ሴት ስም ተጽፏል። ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ። ቀጥሎ ‘ለወረቀት ብዬ ያገባኋት ናት፤ አብረን አንኖርም’ አለኝ። ቤተሰቦቹም ያውቁ ነበር። እኔ ፍቺ አልፈልግም። ፈት መባል አልፈልግም። ጋብቻው ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ተቆጥሮ ይሰረዝልኝ ነው የምለው። ይቻላል ወይ? ልጄስ ምን ትሆናለች? እሱ በላከው ገንዘብ በእኔ ስም የተገዛ መኪና አለ። ወደ አሜሪካ የሚወስደኝ ፕሮሰስም ተጀምሯል። እባክዎ ይምከሩኝ።»

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። የደረሰብሽ ነገር ከባድ ነው፤ ያጠፋሽው ጥፋት ግን የለም። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥሽ። አዎ፣ ያንቺ ጋብቻ በፍቺ ሳይሆን በሌላ መንገድ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። «ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠርልኝ» ያልሽውን ግን ሕጋችን አይሰጥሽም። ስለ ልጅሽ ደግሞ አትስጊ፤ የትኛውንም መንገድ ብትመርጪ መብቷ አይነካም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ክልል ሆነሽ ይህን የምታነቢ ሌላ እህት ካለሽ የክልልሽን ሕግ ማየት አለብሽ። የፌዴራሉ ሕግ በአንቀጽ 75 ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ሦስት መንገዶች ያስቀምጣል። አንዱ ሞት ነው፤ ጠፍቶ በቀረ ሰው ላይ የሚሰጥ የመጥፋት ውሳኔም እዚሁ ይገባል። ሁለተኛው፣ ጋብቻው ሲፈጸም መሟላት የነበረበት መሠረታዊ ሁኔታ ተጥሶ ሲገኝ ፍርድ ቤት ጋብቻው እንዲፈርስ የሚወስንበት ነው። ሦስተኛው ፍቺ ነው። ሰዎች ቢሮዬ መጥተው «ይሰረዝልኝ» የሚሉኝ ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በይ። በዚህ ሁለተኛ መንገድም ቢሆን ፍርዱ ጋብቻውን የሚያፈርሰው ከተወሰነ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ያለፈውን ዓመት ከስምንት ወር ከመዝገብ አይፍቀውም። ነገ ዳኛው ቢፈርድልሽ ከነገ ወዲያ ወረዳ ሄደሽ «አግብቼ አላውቅም» የሚል ማስረጃ አውጪ ልልሽ አልችልም። ይህን አሁን የምነግርሽ ጠበቃ ከፍለሽ፣ ወራት ተመላልሰሽ፣ መጨረሻ ላይ እንዳታዝኚ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል ትዪኝ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል። የፍቺ ውሳኔ ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያት አይጻፍም፤ ተጋቢዎቹ መፋታት እንደፈለጉ ብቻ ይገለጻል። በዚህ መንገድ ስትሄጂ ግን ፍርዱ ሰውየው አንቺን ሲያገባ ሌላ ጋብቻ እንደነበረው በግልጽ ይጽፋል። ነገ ማንም «ምን አድርጋው ነው የተፋቱት?» ቢል መልሱ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ አለ። «ፈት መባል አልፈልግም» ያልሽው ስሜት ከዚህ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል። የምትፈልጊው እውነቱ እንዲጻፍልሽ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ሕጉ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው በቀድሞ ጋብቻ እንደታሰረ ሌላ ጋብቻ መፈጸም እንደማይችል ይደነግጋል። ይህን ተላልፎ የተፈጸመ ጋብቻ በአንቀጽ 33 መሠረት ይፈርሳል። በዚህ በሁለተኛው ጋብቻ ውስጥ ያለች አንቺን መሰል ተጋቢ መጠየቅ ትችላለች፤ ዐቃቤ ሕግም መጠየቅ ይችላል። በጋብቻ ላይ ጋብቻ ከመሠረታዊ ሁኔታዎች ጥሰት ሁሉ ጠንካራው ምክንያት ነው። ዳኛውን ስለ ስሜትሽ፣ ስለ መታለልሽ፣ ስለ ባህሪው ማሳመን አይጠበቅብሽም። ሁለት ቀኖችን ማሳየት ብቻ ነው። እሱ ያቺን ያገባበት ቀን አለ፤ አንቺን ያገባበት ቀን አለ። በሁለቱ መሃል ፍቺም ሞትም ከሌለ ነገሩ አለቀ።

«ለወረቀት ነው ያገባኋት» የሚለው መልሱስ? ይህን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። በሕጋችን አንቀጽ 5 መሠረት ውጭ አገር፣ በዚያው አገር ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ እዚህም የጸና ነው። ሰውየው ልቡ ውስጥ ምን አስቦ እንደፈረመ ማንም አያይም፤ የሚታየው መዝገቡ ነው። እዚያ አገር ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ እሱ የዚያች ሴት ባል ነው። ደግሞም ይህን ክርክር ችሎት ፊት ደፍሮ የሚያነሳ አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን ሕግን ለማለፍ ብሎ ጋብቻ መፈጸም እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። የመከላከያ መልሱ ላይ «ለወረቀት ነበር» ብሎ ከጻፈ በራሱ ላይ መስክሮ ፈረመ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አውቀሽ «ካልሰጠኸኝ ለኢሚግሬሽን እነግራለሁ» ብለሽ መልእክት እንዳትልኪለት። ንዴትሽ ይገባኛል። እንዲህ ያለ መልእክት ግን ተበዳይዋን ተከሳሽ ያደርጋል፤ በማስፈራራት ገንዘብ መጠየቅ ወንጀል ነው። እውነቱን ለሚመለከተው አካል መናገር መብትሽ ነው፤ እውነቱን መደራደሪያ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እህቶቼ፣ በዚህ ነገር ስንት ጥሩ መዝገብ እንደሚበላሽ ብታውቁ!

ወደ ማስረጃው ልምጣ፤ ጉዳይሽ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያየሽውን ሰነድ ፎቶ አንስተሽ ከሆነ አታጥፊው። ብቻውን ግን አያሸንፍም። የግብር ፎርም የጋብቻ ማስረጃ አይደለም፤ ጠበቃው «የስም ስህተት ነው» ሊል ይችላል። ፎቶው የሚጠቅምሽ ለሌላ ነገር ነው። የሴትየዋ ሙሉ ስም እና የሚኖሩበት አድራሻ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ጋብቻ የሚመዘገበው በአብዛኛው በየካውንቲው፣ ማለትም በየአካባቢው አስተዳደር ነው። ስማቸውንና አካባቢውን ካወቅሽ እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጠበቃ የካውንቲውን መዝገብ ቤት ጠይቆ የተረጋገጠ ቅጂ ሊያወጣ ይችላል። ለማንም ሰው የሚሰጡ አሉ፤ ለባለጉዳዩ ብቻ የሚሰጡም አሉ። ካልሰጡ እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ማስረጃው እንዲቀርብ ትእዛዝ እንዲሰጥልሽ ማመልከት ትችያለሽ።

ቅጂው ሲገኝ በቀጥታ ኢሜይል አስልከሽ አትምጪ። እዚያው አገር በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች መረጋገጥ አለበት። ከዚያ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ያልፋል፤ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል። ወደ አማርኛም ይተረጎማል። ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ክስ ለመመሥረት ከመሮጥሽ በፊት ይህን ብታስጀምሪ ጥሩ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለሽ፤ ብዙ ሰው የማያስበው። ክብር መዝገብ ስትጋቡ አንቺም እሱም ምስክሮቹም ጋብቻው የሚከለከልበት ምክንያት እንደሌለ በመሐላ አረጋግጣችኋል። እሱ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ሳያቀርብ አልቀረም። ያ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። የተጋባችሁበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የፋይሉን የተረጋገጠ ቅጂ ጠይቂ። የፊርማው ቀን ከዚያኛው ጋብቻ ቀን አጠገብ ሲቀመጥ ብዙ ይናገራል። የእሱ ምስክር ሆነው የፈረሙት ቤተሰቦቹ ከሆኑና ያውቁ ከነበረ ደግሞ ተጠያቂነቱ ወደ እነሱም ይሄዳል። «ለወረቀት ነው» ያለሽ በቴሌግራም ድምፅ ከሆነም አስቀምጪው። ስልክ ከቀየርሽ እንዳይጠፋ ሌላ ቦታ ገልብጪው።

በወንጀልም መጠየቅ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸምን ይቀጣል። ሁለተኛዋን ሴት እውነቱን ደብቆ አሳስቶ ያገባት ከሆነ ነገሩ ከባድ ተደርጎ ይታያል፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን አውቃ የገባች ሴትም እንደምትጠየቅ ተጽፏል። ስለዚህ መቼ እንዳወቅሽ በትክክል መናገርሽ ወሳኝ ነው። ከሦስት ወር በፊት ከሆነ ከሦስት ወር በፊት በይ። አንዳንዴ ሰው ጉዳዩን ለማጠንከር ብሎ «ድሮም እጠረጥር ነበር» ይላል። ይህች ቃል ዞራ ራስን ልታስወቅስ ትችላለች። ፖሊስ ዘንድ መሄድ አለመሄድሽን እኔ አልወስንልሽም። የልጅሽ አባት ነው፤ ሰክነሽ አስቢበት። የወንጀሉ ክስ ባይኖርም የፍትሐ ብሔሩ ጉዳይ ይሄዳል።

ያንቺን ምክንያት እዚህ ላይ ላቁምና ሌሎች ስለሚጽፉልኝ ጉዳይ ጥቂት ልበል። አብዛኛው ሰው «ይሰረዝልኝ» የሚለው ተታለልኩ ብሎ ነው። «ዶክተር ነኝ ብሎኝ ነርስ ሆኖ ተገኘ።» «ዕዳ እንዳለበት አልነገረኝም።» «ድንግል ናት ተብዬ ነበር።» ሕጉ በአንቀጽ 13 ስለ መሠረታዊ ስህተት ይናገራል፤ በግልጽ የሚዘረዝራቸው ግን ጥቂት ናቸው። የተጋቢው ማንነት ላይ ስህተት ሲኖር፣ ማለትም ላገባው ካሰብኩት ሰው ሌላ ሆኖ ሲገኝ፤ የማይድን ወይም ወደ ልጆች በዘር የሚተላለፍ በሽታ ሲኖርበት፤ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያስፈልገው አካል ሲጎድለው፤ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ሲኖረው። ሥራ፣ ደመወዝ፣ ዕዳ፣ ድንግልና ከተዘረዘሩት ውስጥ የሉም። መካንነትም የለም፤ የአካል መጉደልና ልጅ አለመውለድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ውሸት ይዞ በዚህ መንገድ መሄድ ሽቅብ መውጣት ነው። ለእነዚህ ሰዎች እኔ ሁልጊዜ ፍቺውን ነው የምመክረው።

በኃይል የተገኘ ፈቃድም አለ፤ አንቀጽ 14 ላይ። ጠለፋ ዋናው ምሳሌ ነው። ራስን ወይም የቅርብ ዘመድን ከከባድና ከቀረበ አደጋ ለማዳን ሲባል የተሰጠ እሺታ ፈቃድ አይደለም። «አባቴ ቅር ይለዋል ብዬ ነው» የሚለው ግን ለዳኛ አይበቃውም። ቢላ ተይዞ፣ ተዘግቶባት፣ ወንድሟን እንገድለዋለን ተብላ የፈረመች ሴት ጉዳይ ሌላ ነው። ዕድሜ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ዝምድና ካለ፣ ጉዳዩን በራሱ እንዳያካሂድ በፍርድ የተከለከለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ካገባም ጋብቻው ሊፈርስ ይችላል። የዕድሜውን ነገር ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሁሉ፣ ዐቃቤ ሕግም ጭምር፣ ሊያነሳው ይችላል፤ ልጅቷ 18 ከሞላት በኋላ ግን በዚህ ምክንያት ማፍረስ አይቻልም።

ስለ ጊዜ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በስህተት ወይም በኃይል ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ስህተቱን ባወቀ ወይም ኃይሉ በቆመ በ6 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። ምንም ቢሆን ደግሞ ጋብቻው ከተፈጸመ 2 ዓመት ካለፈ አይቻልም። ሽማግሌ ሲላክ፣ «እስቲ ከበዓሉ በኋላ» ሲባል 6 ወር እንደ ቀልድ ያልፋል። እህቴ፣ ያንቺ ምክንያት በጋብቻ ላይ ጋብቻ ስለሆነ በዚህ የ6 ወርና የ2 ዓመት ገደብ አይታሰርም። ቢሆንም ዓመት ከስምንት ወር ሆኖሻል። እውነቱን ካወቅሽም ሦስት ወር አልፏል፤ ጠበቃሽ የማታለሉን ጉዳይ እንደ ተጨማሪ ምክንያት ማንሳት ከፈለገ የቀረሽ ሦስት ወር ነው። ስለዚህ ሽምግልናው ይቀጥል ካላችሁም ክሱ ይግባና ጎን ለጎን ይሂድ።

ፍቺን ለምን እንደማልጠላው ደግሞ ልንገርሽ። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የመጣ ትዝታ ነው ብዙዎቻችንን የሚያስፈራን። ያኔ ፍቺ ምክንያት ይጠየቅበት ነበር፤ ጉዳዩም በዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው ክርክር ቤተሰብን ያባላ ነበር። ዛሬ ምክንያት መናገር ግዴታ አይደለም። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ስምምነታችሁን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። አንቺ ብቻ ከፈለግሽም ብቻሽን አመልክተሽ ይወሰናል፤ የእሱ እምቢታ አያስቀረውም። ዳኛው ለማስታረቅ ይሞክራል፤ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ያበቃል። ሕጉ ለመፋታት ምክንያት የሆነው ጥፋት የአንደኛው ከሆነና ፍትሕ ካስገደደ ያ ሰው ለሌላኛው ካሳ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊያዝ እንደሚችልም ይናገራል። ይህን ብዙ ሴቶች ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። የአሜሪካው የጋብቻ ሰነድ ተረጋግጦ በእጅሽ ከገባ ጋብቻው በአንቀጽ 11 እና 33 መሠረት እንዲፈርስ ጠይቂ። ጠበቃሽ እዚያው አቤቱታ ላይ «ይህ ካልተፈቀደልኝ በአማራጭ ፍቺ ይወሰንልኝ» የሚል ጥያቄ ይጨምር። ሰነዱ ካልተገኘ ወይም መጓተቱ ከበዛ ግን ቀጥታ ፍቺውን ውሰጂ። ለአንድ ወረቀት ብለሽ ሁለት ሦስት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ታስረሽ አትቆዪ። ወጣት ነሽ፤ ገና ብዙ ሕይወት አለሽ።

ስለ ልጅሽ። የተወለደችው በጋብቻ ውስጥ ነው። ጋብቻው በየትኛውም ምክንያት ቢፈርስ አባቷ አባቷ ነው። ሕገ መንግሥቱም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደ ልጅ እኩል መብት እንዳለው በአንቀጽ 36 ደንግጓል፤ ስለዚህ በከፋው ግምት እንኳ የሚጎድልባት የለም። የልደት ምስክር ወረቀቷን እስካሁን ካላወጣሽ አሁኑኑ አውጪ፤ የአባትየው ስም ይኑርበት። በአቤቱታሽ ላይ ልጅቷ ካንቺ ጋር እንድትሆንና ቀለብ እንዲቆረጥላት ጠይቂ። የአምስት ወር ሕፃን ከእናቷ የሚነጥል ዳኛ አላየሁም። ቀለቡን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ውጭ ያለ ሰው ላይ የተፈረደ ቀለብ ማስፈጸም ያደክማል። እዚህ አገር በስሙ ቤት፣ መሬት፣ የባንክ ሒሳብ ወይም የአክሲዮን ድርሻ ካለው ከወዲሁ አጣሪ፤ እንዳይሸጥም እግድ ጠይቂበት።

መኪናው። ሊብሬው በስምሽ መሆኑ ብቻ የግልሽ አያደርገውም፤ ገንዘቡን እሱ መላኩም የእሱ ብቻ አያደርገውም። በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በማንም ስም ይመዝገብ። ያቺኛዋ ሴት «ገንዘቡ የእኔና የባሌ ነው» ብላ ጣልቃ ገብ ልትሆን የምትችልበት መንገድም አለ፤ ያኔ ክፍፍሉ ይወሳሰባል። ስለዚህ በንዴት አትሽጪው፤ ለወንድምሽም አታዛውሪው። ለሠርግሽ ለአንቺ የተሰጠሽ ወርቅና ስጦታ ግን የግልሽ ነው። ፎቶና ቪዲዮ አለሽ አይደል? አስቀምጪው።

ክሱ የሚቀርበው እንደ ደንቡ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ባልሽ ዜግነቱን ለውጦ ከሆነ ግን የውጭ አገር ሰው ያለበት ጉዳይ በመሆኑ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። ይህን ሳያጣሩ መክፈት ወራት ካለፉ በኋላ «ሥልጣን የለንም» ተብሎ መዝገቡ እንዲዘጋ ያደርጋል። እዚህ ወኪል ካለው መጥሪያው ለወኪሉ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ዲያስፖራ ለወንድሙ ወይም ለእናቱ ውክልና ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ውክልናው በፍርድ ቤት መከራከርን ይጨምር እንደሆነ እዩት። አድራሻው ካልተገኘ በጋዜጣ ይጠራል። ጥሪው ደርሶት ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። ለጠበቃ የሚሆን አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ነፃ ምክር ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችም አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ተጋብታችሁ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። በተክሊል ወይም በቁርባን ከሆነ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ አይጨርሰውም። ለዚያ ከንስሐ አባትሽ ጀምሪ፤ ፍርዱንም ይዘሽ ሂጂ። ሙስሊም ለሆኑ አንባቢዎች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱም ወገኖች ፈቃዳቸውን ሲሰጡ የጋብቻ ጉዳይን በእስልምና ሕግ ያያሉ። አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

የመጨረሻው የፕሮሰሱ ነገር ነው፤ በጣም ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ለትዳር ጓደኛ የሚሞላው አይ 130 የሚባለው ማመልከቻ የቀድሞ ጋብቻዎችን ሁሉ፣ ያበቁበትንም ቀን ይጠይቃል። እሱ ያቺን ሴት ሳይፈታ አንቺን ሚስቴ ብሎ አስገብቶ ከሆነ ውሸት ጽፏል፤ ወይም ጭራሽ አላስገባም። እስካሁን ያለው ጥፋት የእሱ ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ዲኤስ 260 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ስትሞዪ ወይም ኤምባሲ በመሐላ ስትጠየቂ እያወቅሽ ከደበቅሽ አንቺው ላይ ይመዘገባል። በሐሰት መረጃ ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው አሜሪካ የመግባት መብቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ነገ በራስሽ ዲቪ ቢደርስሽ፣ የትምህርት ዕድል ብታገኚ፣ ያ ነገር ፊትሽ ይቆማል። «እስቲ ቪዛው ይምጣና ከዚያ እንለያያለን» የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም፤ እባክሽ አትስሚው። አባትየው የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ የልጅሽ የዜግነት ጥያቄ ለብቻው የሚታይ ነው፤ የአባትና የእናት ጋብቻ ሕጋዊነትም እዚያ ላይ ስለሚነሳ እዚህ ክስ ከመክፈትሽ በፊት አንድ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ። እስከዚያው ድረስ ከእሱም ከወኪሉም የሚመጣልሽን ማንኛውንም ፎርም አትፈርሚ።